ዕድገታችን በሜጋ ዋት ይለካ ወይስ በምጣድ?

በምኖርበት ሰፈር እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፡፡ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፡፡ ከሥራ ስመለስ በየሁለት ቀኑ እርሳቸው ዘንድ ጎራ ማለት ልማዴ ነው፡፡ በአንድ ሐሙስ ምሽት ስደርስ ግን ግቢያቸው በጭስ ታፍኗል፡፡ መብራት ከጠዋት ጀምሮ በመጥፋቱ ጓሮ ሦስት ጉልቻ ጎልተው በማገዶ እየጋገሩ ነበር፡፡ ዓይናቸው ደም መስሏል፡፡

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ?» ብላቸው፣

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራቱ ጥሎኝ ሄደ፡፡ ሊጥ ደግሞ መብራት አይጠብቅም» አሉኝ፡፡

ማታ መብራቱ ተመልሶ ቴሌቪዥን ስከፍት የተላለፈው ዜና ስለ አገሪቱ የኢኮኖሚ ዕድገት ነበር፡፡ ምርት በዚህን ያህል በመቶ አደገ፣ የኃይል ማመንጨት አቅም ወደዚህን ያህል ሜጋ ዋት ከፍ አለ ይላል፡፡ አኃዙ ውሸት ነው ብዬ አልጠረጠርኩም፡፡ ነገር ግን በሙያዬ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ አንድ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ፡፡ የእትዬ ጭስ በዚያ መቶኛ ውስጥ የቱ ጋ ነው የተመዘገበው? በገቢ በኩል ነው ወይስ በወጪ?

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ማካፈል ወደድኩ፡፡

መብራት ሲጠፋ ምርት ያድጋል?

ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የምንለው መለኪያ በአንድ ዓመት ውስጥ በአገር ውስጥ የተመረቱ የመጨረሻ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የገበያ ዋጋ ድምር ነው፡፡ መለኪያው የሚጠይቀው «ምን ያህል ተመረተ?» ብሎ ነው፡፡ «ለምን ተመረተ?» ወይም «ማንን ጠቀመ?» ብሎ አይጠይቅም፡፡

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ የሆነውን እንቁጠር፡፡ ያልተጋገረ እንጀራ ካለ ከምርቱ ይጎድላል፤ ይህ እውነት ነው፡፡ በሌላ በኩል ግን ከእንጦጦ የወረደው የማገዶ ሸክም ተሸጧል፡፡ ሱቁ ሻማ ሸጧል፡፡ ጎረቤት ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን ስላስነሳ የነዳጅ ማደያው አትርፏል፤ የጄኔሬተር ጠጋኙም ሥራ አግኝቷል፡፡ እትዬ ለዓይናቸው ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ የካርድና የመድኃኒት ይከፍላሉ፡፡ ከዚህ ግብይት ከፊሉ በአገር ምርት ላይ ይደመራል፡፡ የተቆረጠው ዛፍ፣ የጠፋው ጊዜና የታመመው ዓይን ግን የትም አይቀነሱም፡፡

ይህን ጉድለት የመለኪያው ተቺዎች ብቻ ሳይሆኑ ፈልሳፊው ራሱ ያውቀው ነበር፡፡ ኢኮኖሚስቱ ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለኮንግረሱ ሲያቀርብ፣ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢ ልኬት ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር፡፡ ቁጥሩ ግን ቀላልና አንድ ስለሆነ ከማስጠንቀቂያው ተነጥሎ ዓለምን ዞረ፡፡

የኃይል ፍጆታስ ይሻል ይሆን?

«ገንዘቡን ተወው፤ አንድ አገር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚጠቀም ካየህ ማደጉን ታውቃለህ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፡፡ አባባላቸው መሠረት አለው፡፡ በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አለን ፓስተርናክ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት 60 አገሮችን አነጻጽሮ ነበር፡፡ የነፍስ ወከፍ የኤሌክትሪክ ፍጆታ እስከ 4 ሺሕ ኪሎ ዋት ሰዓት በዓመት እስኪደርስ ድረስ የሰብዓዊ ልማት ደረጃ አብሮ በፍጥነት ይወጣል፡፡ ከዚያ በኋላ ግን መስመሩ ይተኛል፡፡ አሜሪካዊ ከዚያ መጠን በሦስት እጥፍ ገደማ ቢጠቀምም በዚያው ልክ ረጅም ዕድሜ አይኖርም፡፡ ኮስታሪካ በነፍስ ወከፍ ከአሜሪካ በብዙ እጥፍ ያነሰ ኃይል እየተጠቀመች የሕዝቧ አማካይ ዕድሜ ከአሜሪካኖቹ አያንስም፡፡

እኛስ? የእኛ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ በዓመት በመቶ ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ የሚሽከረከር ነው፡፡ ስለዚህ መስመሩ ገና ሽቅብ በሚወጣበት ግርጌ ላይ ነን፡፡ ለእኛ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ዋት ሰዓት ትርጉም አለው፡፡ «ፍጆታ ይቀነስ» የሚለው የምዕራባውያን ስብከት በቀጥታ ለእኛ የሚሠራ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ በዜና ሁለት ነገሮች ሲምታቱ እሰማለሁ፡፡ ሜጋ ዋት አቅም ነው፤ ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ የተሠራው ሥራ ነው፡፡ ሜጋ ዋት የሚኒባሱ ወንበር ብዛት ነው ብንል፣ ኪሎ ዋት ሰዓት በቀን ያጓጓዘው ተሳፋሪ ነው፡፡ ወንበር በዛ ማለት ተሳፋሪው ቤቱ ደረሰ ማለት አይደለም፡፡ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2012 ዓ.ም. የማመንጨት አቅማችንን ከ17 ሺሕ ሜጋ ዋት በላይ አደርሳለሁ ብሎ ተነስቶ ነበር፡፡ ዕቅዱ ሲያበቃ የተገኘው ወደ 4 ሺሕ 500 የሚጠጋ ነው፡፡ በእነዚያ ዓመታት ስንከራከር የነበረው ግን ስለ ሜጋ ዋቱ ብቻ ነው፡፡ መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው የመወያያ ርዕስ አልነበሩም፡፡

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት ነው፡፡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታሰበው ከ15 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው፡፡ ከ120 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ እኩል ቢካፈል፣ በመስመር ላይ የሚባክነውን እንኳ ሳንቀንስ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 130 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፡፡ አምስት ሰው ላለበት ቤት 650 ይሆናል፡፡

አሁን ወደ ምጣድ እንምጣ፡፡ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3 ሺሕ 500 ዋት ይስባል፡፡ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ በዓመት 550 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፡፡ የአንድ ቤተሰብ የሕዳሴ ግድብ ድርሻ ከሞላ ጎደል በምጣዱ አለቀ ማለት ነው፡፡ ይህን የምለው ግድቡን ለማሳነስ አይደለም፡፡ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፤ በምረቃውም ቀን እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል፡፡ ለማለት የፈለግሁት ትልቅ የሚመስል ቁጥር ቤት ድረስ ሲወርድ ምን እንደሚያህል ካላሰላን፣ ገና ስንት መንገድ እንደሚቀረን አናውቅም ነው፡፡

ፍጆታ ሲቀንስ ኑሮ ሲሻሻል

የኃይል ፍጆታን የዕድገት መለኪያ ማድረግ ሌላም ወጥመድ አለው፡፡ አገራችን ከምትጠቀመው ኃይል ውስጥ ወደ ዘጠኝ አስረኛ የሚጠጋው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው፡፡ ይህን ሁሉ ደምረን ለምናመርተው ምርት ብናካፍለው፣ ኢትዮጵያ ለአንድ ብር ምርት ብዙ ኃይል የምታወጣ አገር ሆና ትገኛለች፡፡ ሀብታም ስለሆንን አይደለም፤ ስለምናባክን ነው፡፡ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ምጣዱን ወይም ድስቱን የሚያገኘው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነው፡፡ የቀረው ዓይን ያስለቅሳል፣ ጣራ ያጠቁራል፡፡

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ከሦስት ጉልቻ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሸጋገር በመዝገቡ ላይ ምን ይሆናል? ጠቅላላ የኃይል ፍጆታው በእጅጉ ይቀንሳል፡፡ ኑሮው ግን ይሻሻላል፡፡ ከሲሚንቶና ከገል ድንጋይ የሚሠራው ምርት ምጣድ እንኳ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፡፡ በአንድ መንደር ሁሉም ቤት ምርት ምጣድ ቢያስገባ የማገዶ ሻጩ ገቢ ይቀንሳል፣ የኃይል ፍጆታው ይቀንሳል፣ በገበያ ዋጋ የሚለካው ምርትም በዚያው ልክ ሊቀንስ ይችላል፡፡ በሁለቱም መለኪያዎች መንደሩ ወደ ኋላ ቀረ ይባላል፡፡ የመንደሩ ሴቶች ግን ሳምንታቸው ረዝሟል፣ ደረታቸውም ቀሎታል፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፡፡ ይህን የሚያህል ጉዳት የማያይ መለኪያ ይዘን ስለ ዕድገት መናገራችን ነው የሚያሳስበኝ፡፡

በመዝገብ ያልሰፈረው ወጪ

አንድ ደንበኛዬ ሚኒባሱን ለአምስት ዓመት አሠርቶ ገቢውን ሁሉ ትርፍ ነው ቢለኝ አልቀበለውም፡፡ «መኪናው አርጅቷል፤ የእርጅና ቅናሹን አውጣና ከዚያ በኋላ ስለ ትርፍ እናውራ» እለዋለሁ፡፡ በአገር ደረጃ ግን ደንን ቆርጠን፣ አፈርን አጥበን ያገኘነውን ሁሉ ገቢ ብለን ስንመዘግብ ኖረናል፡፡

የዚህን ስህተት መጠን በግልጽ ያሳየችው ኢንዶኔዥያ ናት፡፡ የወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩቱ ሮበርት ሪፔቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት የአገሪቱን መዝገብ እንደገና ከፍተው አዩ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1984 ኢኮኖሚዋ በዓመት በአማካይ 7.1 በመቶ አድጓል ተብሎ ነበር፡፡ የነዳጅ ዘይቱ፣ የደኑና የአፈሩ መመናመን ሲቀነስ ዕድገቱ 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ፡፡ ከዕድገቱ ከአሥር እጅ ከአራት የሚበልጠው ዕድገት ሳይሆን ንብረት መሸጥ ነበር፡፡

ወደ እኛ ስንመጣ ቆቃን አስቡት፡፡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ መብራት የነበረ ግድብ ነው፡፡ ከላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ ተራቁቶ የሚወርደው አፈር ግን በየክረምቱ ሐይቁን በደለል ይሞላዋል፡፡ ገበሬው ማገዶ ሲያጣ ዛፉን ይቆርጣል፤ ዛፍ ሲያልቅ ኩበት ያነዳል፡፡ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ኩበት ምድጃ ውስጥ ሲገባ አገሪቱ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፡፡ የተራቆተው አፈር ደግሞ ወርዶ ግድቡን ይሞላል፤ ግድቡ ሲሞላ መብራቱ ያንሳል፤ መብራት ሲያንስ እንደገና ወደ ማገዶ እንመለሳለን፡፡ ይህ ዙሪያ ገጠም ሰንሰለት በአገር ምርት መዝገብ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ «ወጪ» ተብሎ አይገኝም፡፡

ደስ የሚለው ግን መዝገቡ መታረም መጀመሩ ነው፡፡ የዓለም ባንክ «የተስተካከለ የተጣራ ቁጠባ» የሚል ስሌት ያወጣል፡፡ ከአገር ቁጠባ ላይ የማሽንና የሕንፃ እርጅናን፣ የደንና የማዕድን መመናመንን፣ የብክለት ጉዳትን ይቀንስና ለትምህርት የወጣውን ይደምራል፡፡ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ አገሪቱ እየበላች ያለችው ከካፒታሏ ነው፡፡ ከዚህም በላይ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት የተፈጥሮ ሀብት መመናመን እንደ ምርት ወጪ ተቆጥሮ ከተጣራው የአገር ውስጥ ምርት ላይ እንዲቀነስ ተወስኗል፡፡ እኔ ለደንበኛዬ የምነግረውን፣ ዓለም ለራሱ ለመንገር ከኩዝኔትስ ማስጠንቀቂያ በኋላ ዘጠና ዓመት ፈጀበት፡፡

የትኛውን መለኪያ እንያዝ?

አማራጭ መለኪያዎች ጥቂት አይደሉም፡፡ ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ ከአማርትያ ሴን ጋር የቀረጸው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አዳምሮ ያቀርባል፡፡ ቡታን የዜጎችን ደስታ የመንግሥት ግብ አድርጋለች፡፡ ሄርማን ዴሊና ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ስሌት የቤት ውስጥ ሥራን ደምሮ ብክለትንና የገቢ ልዩነትን ይቀንሳል፡፡ ሁሉም ጥሩ ሐሳብ አላቸው፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ችግር አለባቸው፡፡ ብዙ ነገር በአንድ ቁጥር ሲጠቀለል ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰው ነው፡፡ ክብደቱን የቀየረ ደረጃውን ይቀይራል፡፡

በበኩሌ ለኃይል ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመን ቤት ድረስ ወርዶ የሚጠይቅ መለኪያ ነው ባይ ነኝ፡፡ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ባለ ብዙ ደረጃ መለኪያ ይህን ያደርጋል፡፡ «መስመር ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብሎ አያቆምም፡፡ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል፣ ማታ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዕቃ ይችላል፣ ስንት ጊዜ ይቆራረጣል ብሎ ቤቱን ከ0 እስከ 5 ደረጃ ያወጣለታል፡፡ በዚሁ መለኪያ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ አገራችን ውስጥ በተደረገው ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 57ቱ በሆነ መንገድ ኤሌክትሪክ ያገኝ ነበር፡፡ ከዋናው መስመር የሚያገኘው ግን 33ቱ ብቻ ነው፤ ሌላው በአብዛኛው በፀሐይ ኃይል የሚበራ ነበር፡፡ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያና አንድ አምፖል ያለው ቤት «ኤሌክትሪክ አለው» ሲባል፣ ምጣድ ከሚያሠራው ቤት ጋር አንድ አለመሆኑ የሚታየው እንዲህ ሲለካ ነው፡፡

በዚህም ላይ አንድ ትዝብት አለኝ፡፡ የመለኪያው የመጨረሻ ደረጃ፣ ማለትም 5ኛው፣ የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ሺሕ ዋት አቅም ነው፡፡ የእኛ ምጣድ ግን 3 ሺሕ 500 ይፈልጋል፡፡ መለኪያውን የቀረጹት ሰዎች እንጀራ አይጋግሩም ማለት ነው! መለኪያ ስንወስድ ለቤታችን ልክ አድርገን መስፋት እንዳለብን የሚያስተምር ነው፡፡

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ቅንጦት ነው?

«መጀመሪያ እንደግ፤ ስለ አለካኩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፡፡ ክርክራቸውን አላቃልለውም፡፡ ምርት ካላደገ ትምህርት ቤትም፣ መስመርም፣ ትራንስፎርመርም አይኖርም፡፡ ይሁንና የምንለካው ነገር የምንወስነውን ይወስናል፡፡ አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ፡፡

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አገራችን ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ በውጭ ምንዛሪ ሸጣለች፡፡ በሜጋ ዋትና በዶላር ለሚለካ ሰው ይህ ጥሩ ንግድ ነው፡፡ በእትዬ ምጣድ ለሚለካ ሰው ያስቆጣል፡፡ እውነቱ ግን ከሁለቱም ትንሽ ይለያል፡፡ ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ እትዬ ቤት የሚደርስበት መስመርና ትራንስፎርመር በቂ ካልሆነ፣ ለእርሳቸው ሊደርስ የማይችለውን ኃይል ለሌላ መሸጥ ውኃውን ከንቱ ከማፍሰስ ይሻላል፡፡ ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን ተሸጠ?» ሳይሆን «ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ስንት ትራንስፎርመር ሆነ?» የሚለው ነው፡፡ ይህን ጥያቄ በአገር ምርት መቶኛ መመለስ አይቻልም፡፡ በየሰፈሩ የመብራት ሰዓት የሚቆጥር ሰው ግን ይመልሰዋል፡፡

ስለዚህ የአገር ምርት ይጣል አልልም፡፡ አጠገቡ አራት ቁጥሮች በየዓመቱ አብረው ይነገሩ ነው የምለው፡፡ አንደኛ፣ አንድ ደንበኛ በአማካይ በዓመት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት መብራት ጠፋበት፡፡ ይህ በዓለም ዙሪያ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች የሚያሰሉት የተለመደ ልኬት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ከመቶ ቤት ስንቱ ያለ ጭስ ያበስላል፣ ስንቱስ ያለ ጭስ ይጋግራል፡፡ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ወጡን በኤሌክትሪክ ምድጃ እየሠራ እንጀራውን በማገዶ የሚጋግር ቤት ብዙ ነውና፡፡ ሦስተኛ፣ የደንና የአፈር መመናመን ሲቀነስ የተጣራው ምርት ስንት ሆነ፡፡ አራተኛ፣ ለአንድ ቤተሰብ የደረሰው ኪሎ ዋት ሰዓት በከተማና በገጠር ተለይቶ ስንት ነው፡፡

አራቱም ተራ ቁጥሮች ናቸው፡፡ እያንዳንዳቸው ግን ተጠያቂ አላቸው፡፡ ምርት በመቶኛ ሲቀንስ በድርቅ፣ በዓለም ገበያ ወይም በጦርነት ማሳበብ ይቻላል፡፡ የአንድ ሰፈር መብራት በዓመት ይህን ያህል ሰዓት ጠፋ ሲባል ግን መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩ ግድ ነው፡፡

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እትዬ ዘንድ ሄጄ ነበር፡፡ በእርሳቸው ሚዛን ኑሮ ተሻሽሏል ወይስ ብሷል ብዬ ጠየቅኋቸው፡፡ ጥቂት አሰቡና ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን የቀን መቁጠሪያ አወረዱ፡፡ መብራት ጠፍቶ በማገዶ የጋገሩበትን ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ከበውታል፡፡ ማገዶ ሻጩ በዱቤ ስለሚሰጣቸው ሒሳብ ለመያዝ ነው፡፡ ባለፈው ወር ስድስት ቀን ተከቧል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ዘጠኝ፡፡

«ተሻሽሏል» አሉኝ እየሳቁ፡፡ «ስድስቱም ሲጠፉ ግን ንገረኝ፡፡»